እህሉ ሞልቶ ሰው የጎደለበት መንደር

በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት ሰሜን ምዕራብ የምኖርባት መንደር ነዋሪዋ 500 አይሞላም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ሕንፃው ለጨረታ መቅረቡን ከሰማሁ ጀምሮ ነገሩ ከልቤ ሊወጣ አልቻለም። በእኛ አገር ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል የሚታሰበው ጦርነት ወይም ድርቅ ነው። እዚህ ግን መንደሯን የከበባት መሬት በዓለም ላይ ለም ከሚባሉት አንዱ ነው። ባለፈው መኸር ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ያለው ግዙፍ የእህል ጎተራ ሞልቶ፣ የተረፈው በቆሎ ሜዳ ላይ እንደ ተራራ ተከምሮ አይቻለሁ። የጠፋው ልጅ ነው። የሚማር ልጅ ስለሌለ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የቀሩት ጥቂት ልጆች፣ የእኔም ጭምር፣ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ አሜሪካ ሲባል የሚታያቸው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ስለሆነ፣ መንደሯ ምን እንደምትመስል ላስረዳ። አንድ ዋና መንገድ አላት። ግማሾቹ ሱቆች መስኮታቸው በጣውላ ተመትቷል፤ የቀሩት ፖስታ ቤት፣ አንድ መጠጥ ቤትና ቤንዚን እየቀዳ ፒዛ የሚሸጥ ማደያ ናቸው። በአንዱ ጫፍ የኖርዌይና የጀርመን ስደተኞች ልጆች የሠሩት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ጫፍ የካቶሊኮቹ አለ፤ እያንዳንዳቸው አገልጋያቸውን ከሌሎች መንደሮች ጋር በተራ ይጋራሉ። የመንደሯ ስም የተጻፈበት የውኃ ማማ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ገበሬዎቹ ከአድማስ እስከ አድማስ ሌላ አይዘሩም።

መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ በእርግጥም በማስመሪያ ነው የተሰመሩት። በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አገሩ ስድስት ማይል በስድስት ማይል እየሆነ እንዲከፈል፣ እያንዳንዱም ክፍል በ36 እኩል ቁራሽ እንዲመተር፣ ከእነዚህም ውስጥ 16ኛው ቁራሽ ለትምህርት ቤት እንዲውል ወሰነ። ገበሬ ገና ሳይሰፍር፣ ጎጆ ገና ሳይቀለስ፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ተለይቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ከልቤ አደንቃለሁ። መሬቱ ግን ባዶ እንዳልነበረም መናገር ይገባል። በ1832 ከአሜሪካ ጦር ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ነባሮቹ የሶክና የመስኳኪ ሕዝቦች ከምሥራቅ አዮዋ ርስታቸው ተገፍተው ወጥተዋል፤ መስኳኪዎች በ1857 ከገዛ አገራቸው ጥቂቱን በገንዘባቸው መልሰው ገዝተው እስከ ዛሬ ይኖሩበታል።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት እንዲህ የተጨነቀ አገር እንዴት ልጅ አጣ? መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤቴ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ነው። እሳቸው ልጅ ሳሉ ከቤታቸው እስከ መንደር ባለው መንገድ ዳር በየግማሽ ማይሉ አንድ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ እያንዳንዱም ላሞች፣ ዶሮዎችና አምስት ስድስት ልጆች ነበሩት። ዛሬ ያን ሁሉ መሬት፣ ከ2,000 ኤከር በላይ፣ እሳቸውና አማቻቸው ብቻ ያርሱታል። ወደ እኛ መለኪያ ስመልሰው ከ800 ሄክታር ይበልጣል፤ በአገራችን የአንድ ቀበሌ ገበሬ በሙሉ ልጅ አሳድጎ፣ ልጅ ድሮ፣ እድር መሥርቶ የሚኖርበት ስፋት ነው። እዚህ ሁለት ሰው፣ ሁለት ትራክተርና አንድ ኮምባይነር በቂያቸው ነው።

ነገሩ የእሳቸው መንደር ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1935 በመላው አሜሪካ 6.8 ሚሊዮን ያህል እርሻዎች ነበሩ፤ በ2022ቱ ቆጠራ 1.9 ሚሊዮን ብቻ ቀርተዋል። አዮዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከ4,000 በላይ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች ነበሯት፤ ዛሬ ከ330 ያንሳሉ። በ1980ዎቹ ወለድ ጣራ ነክቶ የመሬት ዋጋ ከግማሽ በላይ ሲወድቅ፣ ተበድረው መሬት የገዙ ወጣት ገበሬዎች በሐራጅ ተነቀሉ። አዛውንቱ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። ወንድማቸው ያኔ መሬቱን አጥቶ ከተማ ገባ፤ መሬቱን የገዙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በላይ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በጣም የሚከነክነኝ ደግሞ ይህ ነው። በዚህ ሁሉ እህል መካከል ቲማቲም ለመግዛት ከግማሽ ሰዓት በላይ መኪና መንዳት አለብኝ። የበቆሎው አብዛኛው ክፍል ወደ ኤታኖል ፋብሪካ ሄዶ ለመኪና ነዳጅ ይሆናል፤ ሌላው ለአሳማ መኖ ነው። በአዮዋ ለአንድ ሰው ሰባት አሳማ ያህል ይደርሰዋል፤ አሳማዎቹ ግን በረጃጅም የቆርቆሮ መጋዘኖች ውስጥ ስለሚያድጉ በዓይን አይታዩም፣ በጠረናቸው ብቻ ይታወቃሉ። እነሱን የሚያርደው ቄራ ነው እኔንና ብዙ ወገኖቼን ወደዚህ ያመጣን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረን ቆመን ቀኑን ሙሉ እጃችን የሚቆርጠውን ሥጋ አፋችን አይቀምሰውም።

ያም ሆኖ እነዚህን ጥቂት ሰዎች የማከብርበት ብርቱ ምክንያት አለኝ። የመንደሯ ከንቲባና የምክር ቤት አባላት ጡረተኛ፣ መካኒክ፣ የባንክ ሠራተኛና ገበሬዎች ናቸው። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው። በአዮዋ ሕግ መሠረት ምክር ቤቱ የወሰነውን ብቻ ሳይሆን የከፈለውን እያንዳንዱን ሒሳብ ዘርዝሮ በጋዜጣ ማውጣት አለበት፤ ነዋሪያቸው ከ200 በታች የሆኑ መንደሮች ደግሞ ሕዝብ በሚያያቸው ሦስት ቦታዎች መለጠፍ ይችላሉ። ለበረዶ መጥረጊያው መኪና ስንት ጎማ እንደተገዛ፣ ከማን እንደተገዛና በስንት ብር እንደተገዛ እኔ መጤው ሰው ቡናዬን እየጠጣሁ አነበዋለሁ። ለአንዲት ማኅተም ሳምንት የተመላለሰ፣ የመንገድ መዋጮ ከፍሎ መንገዱም ገንዘቡም የት እንደገባ ጠይቆ መልስ ያጣ ወገኔ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እኔም ተሰምቶኛል። የእነሱ መንገድ ከእኛ የተለየ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ወረቀት፣ ማጣበቂያና ለመጠየቅ የማይፈራ ነዋሪ ካለ በማንኛውም ቀበሌ ይቻላል።

እሳት ሲነሳም የሚሮጡት ደመወዝተኞች አይደሉም። ጡሩምባው ሲጮኽ መካኒኩ መፍቻውን ጥሎ፣ ገበሬው ከትራክተሩ ወርዶ ይሮጣል። ለእሳት አደጋ መኪናው የሚሆን ገንዘብ የሚያሰባስቡት ቁርስ አዘጋጅተው በመሸጥ ነው። ሰው ሲሞት ከቀብር መልስ የሉተራን እናቶች በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ያበላሉ። ያን ምድር ቤት ባየሁ ጊዜ የእድራችን ድንኳን ነው ትዝ ያለኝ።

ግን ከዚህ በላይ አይቀርቡም። በመንገድ ስንተላለፍ መሪውን እንደያዙ አመልካች ጣታቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል፤ የማላውቀውም ሰው ይለኛል፤ ደስ ይላል። ባለቤቴ በወለደች ሰሞን ሦስት ጎረቤቶች ትኩስ ምግብ ሠርተው አመጡልን። የመጀመሪያዋ በሩን አንኳክታ ስከፍት ድስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እሷ መኪናዋ ውስጥ ገብታ እጇን ታወዛውዛለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ባለቤቴ ቡና አስቀርባ፣ ዳቦ አስቆርሳ ስትጠብቅ ማንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሳይገባ ቀረ። ያን ቀን አለቀሰች፤ እኔም ከሥራ ፈቃድ አጥቼ ማታ ወደ ቄራው ስሄድ እሷን ከጨቅላው ጋር ብቻዋን ትቼ ነው። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ክፉ አይደሉም። ማስቸገር ነውር መስሎ ስለሚታያቸው ነው። ነገር ግን አራስ ቤት የሚያስፈልገው ምግብ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ቋንቋው አጠረኝ።

ሰው ያልጠፋባቸው ከተሞችም አሉ። ከእኛ ወደ ሰሜን፣ በሚኒሶታ፣ ዎርዚንግተን የሚባል ከተማ አለ። በአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ምክንያት ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ከእስያና ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎች ሞልተውታል፤ ሕዝቡ ወደ 14,000 ደርሷል፤ ትምህርት ቤቶቹም ጠብበዋል። ነባሩ መራጭ ግን ለማስፋፊያ የቀረበውን የብድር ጥያቄ በተከታታይ አምስት ጊዜ ውድቅ አድርጎ በ2019 ነው በጠባብ ልዩነት ያጸደቀው። በአንዱ መንደር ልጅ ጠፍቶ ትምህርት ቤት ይሸጣል፣ በሌላው ልጅ በዛ ተብሎ ይከራከራሉ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የአርሲ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ከዚህ ግዛት ከክሬስኮ ከተማ አጠገብ በ1914 ኖርማን ቦርሎግ ተወለደ፤ አንድ ክፍል ባላት የገጠር ትምህርት ቤት ተምሮ ለተሻሻለ የስንዴ ዘር ሥራው በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ፤ በስተርጅናም ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ከተባለው የእርሻ ርዳታ ድርጅት ጋር እኛም አገር መጥቶ ከገበሬዎቻችን ጋር ሠርቷል። እሱ ያቋቋመውንና በግዛቷ ዋና ከተማ በዴ ሞይን የሚሰጠውን የዓለም የምግብ ሽልማት በ2009 የወሰዱት አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት የወሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። የምርት ጥቅም አይገባህም እንዳትሉኝ ነው ይህን የምጠቅሰው። ርሃብን የማውቅ ሰው ነኝ።

ነገር ግን አባቴ የነገረኝም አለ። በ1967 የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ወደ አርሲ ሲመጣ የተጠቀመ ገበሬ ብዙ ነበር፤ ባለመሬቱ ግን ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን አባረረ። እዚህ አዮዋ በወለድና በገበያ የሆነው እዚያ በባለርስት ትእዛዝ ሆነ። ስለዚህ አገር ቤት ያሉ ባለሥልጣናትና ምሁራን የአሜሪካን እርሻ እያነሱ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚገኝ ሲናገሩ በሰማሁ ቁጥር፣ በዚያ ሄክታር ላይ ስንት ቤተሰብ እንደቀረ ለምን እንደማይናገሩ እጠይቃለሁ።

ዛሬ በአርሲና በባሌ የተጀመረው የኩታ ገጠም እርሻ ከሌላው የተሻለ ይመስለኛል። ገበሬው መሬቱን ሳይለቅ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ዘር ይዘራል፣ ኮምባይነሩንም በጋራ ይከራያል። አጎቴ በስልክ እንደነገሩኝ ችግሩ ደላላው ነው፤ ዝናብ ሲያስፈራ የኪራዩን ዋጋ እንደፈለገ ይሰቅለዋል። እዚህ ገበሬዎቹ ከመቶ ዓመት በፊት የእህል ነጋዴ ሲያስቸግራቸው ማኅበር አቋቁመው ጎተራውን ራሳቸው ሠሩት፤ ባለፈው መኸር ሞልቶ የፈሰሰውም ይኸው የማኅበሩ ጎተራ ነው። አጎቴ የአባላቱ መዋጮ ስንት እንደነበር፣ ሒሳቡንም ማን ይይዝ እንደነበር አጣርቼ እንድልክላቸው ጠይቀውኛል፤ አዛውንቱም የድሮውን መዝገብ ሊያሳዩኝ ቃል ገብተዋል።