አውሮፓን የሚመስለው የአሜሪካ ከተማ የቱ ነው?

ክርክሩን ያስነሳው ከሲያትል የመጣ እንግዳ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን ስልኩን አወጣና ፎቶ ያሳየን ጀመር። ጣሪያቸው ሹል የሆነ፣ ግድግዳቸው ላይ ሥዕል የተሳለባቸው፣ በረንዳቸው በአበባ የተሞላ ቤቶች። ከኋላ ተራራ።

«ጀርመን መቼ ሄድክ?» አለው ታክሲ የሚነዳው ወዳጃችን።

«ጀርመን ማን ሄደ? ከሲያትል የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሌቨንወርዝ ይባላል።»

ከአቦል እስከ በረካ ሌላ ወሬ አልነበረም። እንግዳው፣ ታክሲ ነጂው፣ ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ሮም ለዓመታት የኖሩ እናት፣ ቦስተን የሚማር ወጣትና እኔ ነን። ያሉትን እንዳሉት አስቀምጬ የኔን ፍርድ መጨረሻ ላይ እሰጣለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሌቨንወርዝን ቶሎ ጨረስናት። እናትየዋ ፎቶውን አየት አደረጉና «ይሄማ የበዓል ልብስ ነው፤ ሲመሽ ይወልቃል» አሉ። አልተሳሳቱም። ከተማዋ የእንጨትና የባቡር ከተማ ነበረች። ባቡሩ መስመሩን ቀየረ፣ የእንጨት ሥራው ቆመ፣ ሰውም ጥሏት ሄደ። በ1960ዎቹ የቀሩት ነዋሪዎች መከሩና የቤቶቻቸውን ፊት የባቫሪያ መንደር አስመስለው ሠሩት። ጎብኚው ጎረፈ። እኔ አልንቃቸውም። ሊሞት የነበረ ከተማ ነው ያዳኑት። ግን ጥያቄያችንን አይመልስም።

እንግዳው እጅ አልሰጠም። «እሺ፣ ኒው ኦርሊንስስ? ፍሬንች ኳርተርን አይታችኋል? ፓሪስ ገብቼ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።»

ወጣቱ ሳቅ አለ። «ያየኸው እኮ የፈረንሳይ አይደለም። ፈረንሳዮቹ በ1718 የቆረቆሩት ከተማ በ1788 እና በ1794 ተቃጥሏል። ያኔ ደግሞ ገዢዎቹ ስፔኖች ናቸው። ከእሳቱ በኋላ በጡብ ይሠራ፣ ጣሪያውም እሳት የማይበላው ይሁን ብለው አስገደዱ። የውስጥ ግቢው፣ ቅስቱ፣ ወፍራሙ ግድግዳ፣ ብዙው ከእነሱ ነው።»

ልክ ነው። መንገድ ለመንገድ ስትሄዱ ግድግዳው ላይ የሸክላ ሰሌዳ ተለጥፎ ታያላችሁ። በስፔን ዘመን የመንገዱ ስም ምን እንደነበር ይነግራችኋል። ሁሉም ፎቶ የሚነሳበት እንደ ዳንቴል የተሠራው የብረት በረንዳ ደግሞ አብዛኛው ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። ከተማው አሜሪካ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በ1850ዎቹ ገደማ የተስፋፋ።

«የፈለገው ይሥራው፤ ያምራል» አለ እንግዳው። እዚህ ላይ ማንም አልተከራከረውም።

ከዚያ እናትየዋ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ክርክሩን የለወጠው እሳቸው የተናገሩት ነው።

«እናንተ የምታወሩት ስለ ግድግዳ ነው። እኔ ሮም ሰው ቤት ነበር የምሠራው። ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነበር። ያን ቀን ቀጥታ ወደ ተርሚኒ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሜዳ። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ሄደህ ትቆማለህ፣ የአገርህ ሰው ይመጣል። ደብዳቤ የደረሳት ታነባለች፣ የምታለቅሰው ታለቅሳለች። ገንዘብ አልነበረንም፣ አንድ ቡና እንኳ ሳንገዛ እንመለሳለን። ማንም ‹ምን ትሠራላችሁ?› ብሎን አያውቅም። እዚህ ግን ሰው ለማየት መኪና ማስነሳት አለብኝ። ስትደርስ ደግሞ ፓርኪንግ የለም። እና የቱ ነው አውሮፓ?»

ትንሽ ዝም ተባለ።

«እትዬ፣ እንደሱ ከሆነማ ቦስተን ይምጡ» አለ ወጣቱ። «መኪና የለኝም፣ አያስፈልገኝምም። ቢከን ሂል ላይ ኤከርን ስትሪት የሚባል አለ፤ ኮብልስቶን የለበሰ፣ አንዲት መኪና በመከራ የምታልፍበት። ማታ የሚበራው የጋዝ መብራት ነው። ከዚያ በእግሬ ኖርዝ ኤንድ እደርሳለሁ፤ ጣሊያኖቹ ጋ። ዳቦ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መናፈሻው በአንድ ዙር ያልቃል። የምድር ባቡሩ በ1897 ነው ሥራ የጀመረው፤ ከፓሪስ ሜትሮ በሦስት ዓመት ይቀድማል!»

ታክሲ ነጂው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ቦስተንን አታውራልኝ። ያንን ኖርዝ ኤንድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ከመሃል ከተማው የቆረጠው ምን ነበር? በአየር ላይ የሚሄድ ሃይዌይ አይደል? በኋላ በስንት ቢሊዮን ዶላር መሬት ውስጥ ቀበሩት። አጠገቡ የነበረው ዌስት ኤንድስ የት አለ? በ1950ዎቹ መጨረሻ ‹ደሳሳ ነው› ብለው ከነሰዉ ጠረጉት። አንተ የምታየው የተረፈውን ነው።»

«ታዲያ ጋሼ የእርስዎ የቱ ነው?»

«ይሄው ነዋ! ዋሽንግተን። ፕላኑን ያወጣው ላንፋንት ፓሪስ ነው የተወለደው። ሰፋፊ ጎዳና፣ ሰርክል፣ ሐውልት፣ ዛፍ። ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የለ። ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ሄዳችሁ አይታችኋል? ውሃው በ13 ገንዳ እየተንደረደረ የሚወርድበት? ቁርጥ የጣሊያን መኳንንት ግቢ ነው። እኔ በየቀኑ የምነዳው አውሮፓ ውስጥ ነው።»

«ከካፒቶል፣ ከምክር ቤቱ ሕንፃ፣ በላይ እንዳይሠራ ሕግ ስላለ ነው» አለ እንግዳው። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን አይደለም። የ1910ሩ ሕግ ካፒቶልን መለኪያ አላደረገም። የቤቱን ቁመት ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ጋር ነው ያሰረው፦ የመንገዱ ስፋትና 20 ጫማ ተጨማሪ፣ ከዚያም የማይታለፍ የመጨረሻ ቁመት። ለዚህ ነው ዲሲ ውስጥ ስትሄዱ ሰማይ የሚታያችሁ።

እናትየዋ ግን አልተረቱም። «ሰርክሉ ውስጥ ማን ይቀመጣል? መኪና ነው የሚዞረው።»

እንግዲህ የኔ ፍርድ።

በመልክ ከሆነ ኒው ኦርሊንስ። በእግር ለመኖር ከሆነ ቦስተን፤ ወጣቱ እዚህ ላይ አሸንፏል። ግን እኔ ከታክሲ ነጂው ጋር ነኝ፤ እሱ በሰጠው ምክንያት ግን አይደለም። ላንፋንት ፕላኑን ያወጣው በ1791 ነው። ያ ፕላን ብቻውን ማንንም አያድንም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ አውሮፓን የሚመስል ሰፈር አብዛኛው ከመኪና በፊት የተሠራና በ1950ዎቹና 60ዎቹ ያልፈረሰ ሰፈር ነው። ዲትሮይትም ሴንት ሉዊስም እንዲህ ዓይነት ሰፈሮች ነበሯቸው። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ማን ሠራው አይደለም። ሃይዌዩ ሲመጣ ማን አስቆመው፣ ማንስ ማስቆም አልቻለም የሚለው ነው።

ኒው ኦርሊንስን ውሰዱ። በፍሬንች ኳርተር የወንዝ ዳር ሊያልፍ የነበረው ሃይዌይ በ1969 ተሰረዘ። ተቃዋሚዎቹ ዋሽንግተን ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነበራቸው። ትንሽ ራቅ ብሎ የጥቁሮቹ ትሬሜ ሰፈር ነው። እዚያ ክሌይቦርን ጎዳና መሃል ረድፍ ሙሉ የኦክ ዛፍ ነበር። ቤተሰብ ከጥላው ሥር ይቀመጣል፣ ማርዲ ግራ የሚባለው የካርኒቫል በዓል ይከበርበታል፣ ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። በ1966 ዛፉ ተቆረጠና ሃይዌዩ ቆመበት። ዛሬ ብትሄዱ የኮንክሪቱ ምሰሶዎች ላይ የኦክ ዛፍ ተስሎባቸዋል። ሰዉ አሁንም በበዓል ቀን ከሥሩ ይሰበሰባል፣ ጥሩምባው ከላይ ከሚያልፈው መኪና ጋር እየታገለ። እትዬ ስለ ተርሚኒ የነገሩን ዓይነት ቦታ ነበር። የፈረሰው እሱ ነው፤ ቱሪስቱ የሚያየው ተረፈ።

ዋሽንግተንም ንጹሕ አይደለችም። በ1950ዎቹ ሳውዝዌስት የሚባለው ሰፈር ሲጠረግ 23 ሺህ ገደማ ሰው ከቤቱ ተነስቷል፤ አብዛኛው ጥቁር። ቀጣዩ ዕቅድ ደግሞ ከተማዋን የሚከብ ሃይዌይ ነበር፤ የሰሜን ክንዱ በዩ ስትሪትና በፍሎሪዳ አቬኑ አካባቢ እንዲያልፍ የታሰበ። እዚህ ግን ሰው እምቢ አለ። ሬጂናልድ ቡከርና ሳሚ አቦት የመሳሰሉ ሰዎች ጥቁሩንም ነጩንም ይዘው ስብሰባ እየገቡ ጮሁ፣ ታሰሩ፣ ፍርድ ቤት የሄዱም ነበሩ። አብዛኛው መንገድ ተሰረዘ። ለመንገዱ ከታሰበው ገንዘብ ብዙው ወደ ሜትሮ ዞረ፤ ሜትሮውም በ1976 ሥራ ጀመረ።

የኛ ሰዎች ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው አዳምስ ሞርጋን፣ በኋላም ዩ ስትሪት ላይ ምግብ ቤት መክፈት የጀመሩት። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ ሊጠይቅ፣ ወሬ ሊሰማ፣ የአገሩን ሰው ሊያገኝ በእግሩ ወይ በባቡር ይሄዳል። ቀጠሮ አያስፈልግም ነበር። ይህንን ለእትዬ ነገርኳቸው። ስለ መኪናው አሁንም አልተስማሙም፤ ስለ አዳምስ ሞርጋኑ 18ኛ መንገድ ግን «እሱስ እውነት ነው፣ እኔም መጀመሪያ ሥራ ያገኘሁት እዚያ ቆሜ ነው» አሉ።

ዛሬ ያ መንገድ ሳይፈርስ ኪራዩ ሰዉን እያስወጣው ነው። ብዙዎቹ ሱቆች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሄደዋል፤ ለዚህም ነው እኛ ቡናችንን እዚህ የምንጠጣው። ታክሲ ነጂው «ከተማው እኮ ያው ነው፣ አልተነካም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤቶቹ አልተነኩም። ሃይዌዩን ያስቆሙት ሰዎች ልጆች ግን እዚያ መከራየት አልቻሉም፤ ለኔ ይህም ማፍረስ ነው።