ጉንፋን ሲመጣ ሾርባውን ማን ይሥራልን?

ውጭ አገር ስኖር እስካሁን ልቀበለው ያቃተኝ ነገር ቢኖር ሰው ጉንፋን ይዞት ብቻውን ሲተኛ ማየት ነው። አገር ቤት እኮ እገሌን አተኮሰው ከተባለ ሾርባው ሳይጠይቅ ነው የሚደርሰው፣ ወይ እናት ወይ እህት ወይ ጎረቤት ድስት ትጥድና ትኩሱን ይዛ አጠገቡ ቁጭ ትላለች፣ በል እስቲ ፉት በል እያለች ሳይጨርሰው አትነሳም። እዚህ ሁሉም ስራ ላይ ነው፣ በሽተኛው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ተነስቶ የቆርቆሮ ሾርባ ከፍቶ፣ ገልብጦ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይከታል፣ በቃ።

የቆርቆሮው ጣጣ ደሞ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊግራም ሶዲየም በታች ይውሰድ ይላል፣ የብዙዎቹን ጀርባ ብታነቡት አንዱ ቆርቆሮ ብቻውን ከዚህ ግማሹን ያልፋል። ግፊት ላለበት ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ሾርባ ጉንፋን ያድናል ወይ ለሚለኝ ሰው እውነቱን ነው የምነግረው፣ ቫይረሱን አይገድልም። ግን ዝም ብሎ የእናቶች ወሬም አይደለም። በ1978 ማያሚ ቢች ውስጥ የተሰራ ጥናት ትኩስ የዶሮ ሾርባ የአፍንጫን ንፍጥ ከሙቅ ውሃ በተሻለ እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቷል፣ ምንም እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ባይቆይም። በ2000 ደሞ የኔብራስካው ዶክተር ስቴፈን ሬናርድ የባለቤታቸውን ቤተሰብ ሾርባ ላብራቶሪ አስገብተው፣ እብጠት የሚያመጡትን ነጭ የደም ሴሎች እንቅስቃሴ ሲቀንስ አይተዋል፣ ይሄ ግን ሰው ላይ ሳይሆን የላብራቶሪ እቃ ውስጥ ነው። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምግብ አልቀምስ ያለ ሰው ውሃም ጨውም ፕሮቲንም ባንዴ ማግኘቱ ነው።

አሰራሩ ላይ እዚህ ያለን ሰዎች የምንስተው አጥንቱን ነው። ቆዳና አጥንት የሌለው ደረት ገዝተን ውሃ ውስጥ ቀቅለን ለምን አልጣፈጠም እንላለን፣ መረቁ እኮ የሚወጣው ከአጥንቱና ከመገጣጠሚያው ነው! ሙሉ ዶሮ ወይም ክንፍና ጀርባ በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱ፣ ሊፈላ ሲል አረፋውን ግፈፉ፣ ከዛ እሳቱን በጣም ቀንሱት ምክንያቱም በኃይል ከተንተከተከ ስቡ ከውሃው ጋር ይቀላቀልና ይደፈርሳል። ስጋው ሲበስል አውጥታችሁ ፈልፍሉት፣ አጥንቱን መልሳችሁ አንድ ሰዓት ወይም ከዛ በላይ ተዉት። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሴለሪ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት፣ ጨው ግን መጨረሻ ላይ። ፍሪጅ አድሮ እንደ ጄሎ ከረጋ አጥንቱ ያለውን ሰጥቷል ማለት ነው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ብዙዎቻችን መስማት አንወድም እንጂ ጥሬ ዶሮ ሲንክ ውስጥ ማጠብም ጀርሙን እቃው ላይ መርጨት ነው፣ እጅና ቢላውን በሳሙና ማጠብ ይሻላል።

እና እኔ የምለው፣ እዚህ አስታማሚ ከሌለን ጤነኛ ሳለን እንስራው። ብርዱ ሳይገባ አንድ ትልቅ ድስት ሰርቶ በትንንሽ እቃ ከፋፍሎ ፍሪዘር መክተት ነው፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ትንንሽ እቃው ይረዳል፣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ በ3 ወይም 4 ቀን ይበላ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን ሁለት ሶስት ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ከዛ ብቻውን የሚኖር ጓደኛችሁ ድምፁ ተዘግቶ ስልክ ካነሳ፣ ምን ላምጣልህ ብላችሁ አትጠይቁት፣ ምንም አያስፈልገኝም ነው የሚላችሁ። ይዛችሁ ሂዱ፣ እንዳይተላለፍባችሁ ከፈራችሁ በር ላይ አስቀምጡና ደውሉለት፣ ማታም ደግማችሁ ደውሉ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆት ብሶ ከተመለሰ ግን ሾርባው ይቆይና ሐኪም ቤት ውሰዱት።