ዛፉስ በፕላኑ ላይ የታለ?

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሜሪላንድ ትንሽ ወጣ ካሉ አዲስ ሰፈር እንደ ጉድ ይሠራል። ቤቱ አያስቀናኝም፤ ግድግዳውን በጡጫ ቢመቱት ይበሳል። የሚያስቀናኝ በአስፋልቱና በእግረኛው መንገድ መሃል የሚተዉት ጠባብ አፈር ነው። ነዋሪ ሳይገባ እዚያ ላይ ዛፍ ተተክሎ ያልቃል። ግንዱ ላይ አረንጓዴ ከረጢት በዚፕ ይታሰርለታል። 75 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ከሥሩ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለሰዓታት ያንጠባጥባል። ሲያልቅ ቦቴ መጥቶ ይሞላዋል።

ፈረንጅ ከእኛ በላይ ዛፍ ወዳድ ሆኖ አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች አልሚው የመንገድ ዛፎቹን በፕላኑ ላይ ካላሳየ ፈቃድ አያገኝም። ገንዘብም ያስይዛል። ዛፉ ከደረቀ በራሱ ወጪ ይተካል፤ አለዚያ ያስያዘውን ብር አያያትም። ፍቅሩ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጉዱ ግን እነሱም ዘንድ አለ። መጀመሪያ የቆየውን ደን በዶዘር ይጠርጉታል፤ ከዚያ ሰፈሩን በጨረሱት ዛፍ ስም ይሰይሙታል። ዲሲ ለዚህ ጠበቅ ያለ ሕግ አላት። የግንዱ ዙሪያ 112 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ዛፍ በገዛ ግቢህ ቢሆንም ያለ ፈቃድ አትቆርጠውም። 254 ከደረሰማ ለአደጋ ካላሰጋ በቀር አይነካም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2032 ከመሬቷ 40 በመቶውን በዛፍ ጥላ ልትሸፍን አቅዳለች።

አዲስ አበባ እህቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ብሎኩ ይቆማል፣ ሰው ይገባል። ከዚያ ለውሃ መስመር ይቆፈራል። ቀጥሎ ለፍሳሽ። ኮብልስቶን ይነጠፋል። ብዙ ሳይቆይ ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ኬብል ይቀበራል። ዛፍ ትዝ የሚለን ሐምሌ ሲመጣ ነው። ኮፍያና ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ችግኙም አንዳንዴ ከነፕላስቲኩ ይቀበራል። ክረምቱ ካለፈ በኋላስ ማን ያጠጣዋል? አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመትከል ፍላጎት ሞልቶናል። በጀት የሌለው ለማጠጣቱ ነው።

እህቴ ብሎክ ምድር ላይ አንዲት እናት አሉ። ከበራቸው ፊት ወይራ ተክለው በአሮጌ ቆርቆሮ አጥረውታል። አትክልት ያጠቡበትን ውሃ አይደፉም፤ ለእሱ ነው። ከቆርቆሮው በላይ ወጥቷል አሁን። ኮሚቴው ለመኪና ማቆሚያ ይነቀል ብሎ ስብሰባ ጠርቶ ነበር አሉ። እሳቸው ተነሥተው «መጀመሪያ እኔን ንቀሉ» ሲሉ ስብሰባው ተበተነ። እንዲህ ያለ ጠባቂ ሜሪላንድ ውስጥ አላየሁም። ያም ሆኖ የከተማ ጥላ በአንድ እናት ጉልበት አይሠራም።

ስለ ዓይነቱም ልናገር። አሁን በየመንገዱ ዘንባባ በዝቷል። ያምራል፤ ግን ፀሐይ ላይ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ምን ይፈይድለታል? አንድ ዓይነት ማብዛትም መዘዝ አለው። አሜሪካኖቹ ኤልም የሚባለው ዛፍ በበሽታ ሲያልቅባቸው መንገዱን አሽ በሚባል ሌላ ዛፍ ብቻ ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጢንዚዛ ተገኘ፤ አሾቹን በሚሊዮኖች ፈጃቸው። በዋሽንግተኑ ብሔራዊ አርቦሬተም፣ ማለትም የዛፎች መናፈሻና ምርምር ማዕከል፣ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ሳንታሙር ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ አንድ ዝርያ ከከተማው ዛፍ ከ10 በመቶ አይብለጥ ብሎ መክሮ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ እያሉን መቀላቀል አይቸግረንም።

አዲስ ለሚነደፉት ሳይቶች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቱቦና ኬብል በመንገዱ በአንድ ወገን ይቀበር፣ ዛፍ በሌላው ይተከል፤ ይህም መሠረት ሳይወጣ በፕላኑ ላይ ይሠመር። ለሁለት በጋ የሚያጠጣ ሰው ደሞዝ ውሉ ውስጥ ይግባ። ኮንትራክተር ላይ የሚያዝ ሪቴንሽን አለ አይደል? ግድግዳው ቢሰነጠቅ ተብሎ ከክፍያው የሚያዘው ገንዘብ። ዛፉም እዚያው ይቆጠር፤ ሁለተኛው በጋ አልፎ የቆመው ታይቶ ይለቀቅለት። ኮንትራክተሮቹ ሲጮሁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።