ኡካዝ ይብዛልን

እኔ ራሽያኖችን የማደንቅበት አንድ ነገር ቢኖር ኡካዝ ነው። የበላዩ ሰውዬ ፈርሞ የሚያወርደው ድንጋጌ ማለት ነው፣ ድሮ ዛር የሚሉት ንጉሳቸው፣ ዛሬ ደሞ ፕሬዝዳንቱ። ቃሉ "ኡካዛት" ከሚል ግስ ነው የወጣው፣ መጠቆም፣ ማሳየት። ሰው ለመጠቆም የምንቀስራትን ጣትም በዛው ስር "ኡካዛቴልኒ" ይሏታል። እኛ ሌባ ጣት ነው የምንላት፣ ማንንም ለመንካት ብዬ አይደለም፣ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ፈረንሳይና እንግሊዝ ቃሉን ተውሰው አለቃ ማንንም ሳያማክር ለሚያወርደው ትዕዛዝ ሁሉ ማሾፊያ አደረጉት፣ ምቀኝነት ነው።

ስንት ይቆጥባል መሰላችሁ! ሸንጎ ሲከራከር ይመሻል፣ ጣት ግን አንዴ ተቀሰረ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1699 መጨረሻ ታላቁ ፒተር ዘመን ቀየረ። ሰዉ ከአለም ፍጥረት ጀምሮ እየቆጠረ፣ አዲስ አመቱንም እንደኛ መስከረም ላይ አክብሮ 7208 ብሎ ተደላድሎ ተቀምጧል፣ አራት ወር እንዳለፈ ነገ 1700 ነው ተባለ፣ ደጃፋችሁንም በጥድ ቅርንጫፍ አስጊጡ። የአመት ኪራይ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ቀሪውን ስምንት ወር ማንን ይጠይቅ እንዳትሉኝ።

በ1705 ደሞ ፂም መጣ። መላጨት ያልፈለገ ይክፈል፣ ትልልቆቹ ነጋዴዎች በአመት 100 ሩብል፣ ገበሬው መንደሩ ውስጥ እንዳሻው ያጎፍር፣ ከተማ ሲገባና ሲወጣ ግን በሩ ላይ አንድ ኮፔክ፣ የሩብል መቶኛ፣ ወዲህ በል። ለከፈለ ሳንቲም የምትመስል ነገር ይሰጡታል፣ አፍንጫ ከነሪዙ ከነፂሙ ተቀርፆባት "ገንዘቡ ተወስዷል" ትላለች። ደረሰኝ ስጡኝ ሲባል የሚኮሳተር ነጋዴ በሞላበት አለም ይሄ ንፁህ አሰራር ነው በእውነት።

አንዳንዴ ጣቷ ትሳሳታለች፣ ቀዳማዊ አሌክሳንደር በ1821 ወደ ሰሜን ፓስፊክ ቀስሯት የውጭ መርከብ ከባህር ዳርቻዬ 100 የጣሊያን ማይል ውስጥ ድርሽ እንዳይል አለ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ሲቆጡ በ1824 እና በ1825 ውል ፈርሞ ሰበሰባት። ይሁን፣ ባህር ደሞ መቼ ታዞ ያውቃል።

እኔን የሚገርመኝ የማይታየው ጣት ነው። በ1876 ዳግማዊ አሌክሳንደር ጀርመን አገር ኤምስ ፍልውሃ ላይ ሆኖ በዩክሬንኛ መፅሐፍ ማተም፣ ከውጭ ማስገባት፣ ቴአትርም መስራት ይቅር ብሎ ፈረመ፣ ኡካዙ ግን ሚስጥር ነበር፣ እንግዲህ ሰዉ የተከለከለውን የሚያውቀው ሲከለከል ነው ማለት ነው። አይ ድሮ ቀረ ስትሉ በመስከረም 2022 ፑቲን ወንዱን ለጦር የሚጠራውን ኡካዝ ፈረመ፣ ለህዝብ ወጣ፣ አንድ ሁለት እያለ ይቀጥልና ሰባተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ነው ተብሎ ፅሁፉ የለም። እንዲህ ያለ ግልፅነት የት ይገኛል፣ ቁጥሯን እኮ አልደበቁም።