ይድረስ ለወዳጄ ቆርጦ ቀጥል

የሰው ፊልም በራስህ መንገድ እየቆረጥክ የምትቀጥል ውድ የፊልም አድናቂ ሆይ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ በቴሌግራም ከምትልክልኝ ሊንክ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልህ በውስጥ መስመር የጻፍኩልህንም ስለምትቆርጠው ነው። "ፊልሙን እንዳትነካው፣ ዳይሬክተሩ እንደሠራው ልይበት" ያልኩህን "ፊልሙን ልይበት" አድርገህ ግሩፑ ላይ ለጠፍከው አይደል? እጅህ ይባረክ።

ሰው ስለ አንድ ፊልም አፉን በከፈተ ቁጥር "ዋናውን እንዳታይ፣ የኔን እልክልሃለሁ" ትላለህ። ድግስ ተጠርቶ ወጡን ሲቀምስ ጓዳ ገብቶ እንደገና ማቁላላት የጀመረ እንግዳ አንተን ነው ያየሁት፣ እሱም ይሁን፣ ድስቱን ይዘህ ለሌላው ተጋባዥ "ባለቤቷ የሠራችውን ተዉት" እያልክ ማዞርህ ነው እንጂ የገረመኝ።

አውቃለሁ፣ ዘር አለኝ፣ ከኔ በፊትም የቆረጡ አሉ ትላለህ። እውነትም አለህ። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1999 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ) የስታር ዋርስን ኤፒሶድ አንድ ሲያወጣ አድናቂው 16 ዓመት ጠብቆ ያገኘው ጃር ጃር የሚባል ጆሮ ረጅም ለፍላፊ ሆነበት፣ በዚህ የተናደደ ማይክ ኒኮልስ የሚባል ኤዲተር (ታዋቂው ዳይሬክተር አይደለም፣ ሞክሼው ነው) ቁጭ ብሎ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ቆርጦ አወጣለት፣ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ የሉካስ ድርጅት ሉካስፊልምም መጀመሪያ ፈገግ ብሎ አለፈው፣ ነገሩ ሲሰፋ ግን ፊቱን አጠቆረ። ብቻ ኒኮልስ ሥራው ነው፣ መቀሱ የት እንዳለፈ ፈልገህም አታገኘውም።

አንተጋ ስንመጣ ግን፣ ሙዚቃው ምን በደለህ? የፊልም ሙዚቃ እኮ ምስሉ ላይ ተለክቶ ነው የሚሠራው፣ ቫዮሊኑ ከፍ የሚለው በሩ ሲከፈት ከሆነ አንተ በሩን ስትጥለው ቫዮሊኑ ምንም ሳይከፈት ብቻውን ይጮሃል። ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሳውንድ ኢፌክቱ ለየብቻ ያለው ስቱዲዮው ጋ ነው፣ አንተ እጅ የገባው ዲስክ ላይ ሁሉም ተቀላቅሏል፣ ቢበዛ ንግግሩን ከሴንተር ቻናሉ፣ ማለት ከመሀለኛው ስፒከር ድምፅ፣ ትለቅማለህ፣ ለዛ ነው ያንተ ቨርዥን ላይ ኦርኬስትራው በየመሀሉ ስቅ የሚለው።

ፍቅር ነው ትላለህ። እሺ ይሁን። በ2018 መጀመሪያ አንዱ አፍቃሪ ዘ ላስት ጄዳይ የሚባለውን የ152 ደቂቃ የስታር ዋርስ ፊልም ሴቶቹን እየመነጠረ 46 ደቂቃ አድርጎ ለቀቀው። አስበው፣ ዋና ባለታሪኳ ሴት የሆነች ፊልም! ዳይሬክተሩ ሪያን ጆንሰን ሳቀበት፣ እኔ ሳቄ አልመጣም፣ ምክንያቱም ጃር ጃርን "ታሪኩን ያጓትታል" ብሎ የጣለውም፣ ሴት ትእዛዝ ስትሰጥ ማየት ያመመውም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ነው፣ ሁለቱም ደግሞ አስተካከልኩት ነው የሚሉት።

ዩታ ውስጥ ክሊንፍሊክስ የሚባል ድርጅት ነበር፣ ራቁትና ስድብ ያለበትን እየቆረጠ ለቤተሰብ የሚሆን ነው እያለ የሚነግድ። ዳይሬክተሮቹ ተከራከሩ፣ 2006 ላይ ኮሎራዶ ያለ የፌደራል ዳኛ ኮፒራይት መጣስ ነው ብሎ ፈረደ። መዝገቡ ላይ ስሙ በርዕስ የሰፈረው ዳይሬክተር ማን መሰለህ? ስቲቨን ሶደርበርግ። ያው ሶደርበርግ በ2015 ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ የሟቹን የስታንሊ ኩብሪክን 2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ ራሱ ቆርጦ ዌብሳይቱ ላይ ጫነው፣ ያወረደው ባለመብቶቹ ሲናገሩት ነው። ታዲያ ካንተ ምን ልጠብቅ? (የኛዎቹ ፊልም ተራኪዎች ደግሞ ሌላ ናቸው፣ የሁለት ሰዓቱን በሩብ ሰዓት ይጨርሱታል፣ ኮፒራይት እንዳይዛቸው ምስሉን ገልብጠው ግራኝ ያደረጉት አክተር ስንቱ ነው። እነሱ ግን ቢያንስ ከዳይሬክተሩ እንበልጣለን አላሉም፣ እንጀራ ነው።)

ዳይሬክተሩን ኦርሰን ዌልስን ትጠቅስልኛለህ ደግሞ። ጥቀስ። ተች ኦፍ ኢቭል የሚባለውን ፊልሙን ስቱዲዮው ወስዶ እንደፈለገ ሲያደርግበት በ1957 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈላቸው፣ ይሄ ድምፅ እዚህ ይግባ፣ ይሄ ሲን ከዛኛው ጋር ይፈራረቅ እያለ። አብዛኛውን አልሰሙትም። እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ በ1998 ኤዲተሩ ዋልተር መርች ያንን ማስታወሻ ይዞ ፊልሙን እንደገና ኤዲት አደረገው። መርች 58 ገጽ ይዞ ነው የገባው ወንድሜ፣ አንተ ምን ይዘህ ገባህ? አንድ ቅሬታና ክራክ የተደረገ ፕሪሚየር የሚባል የኤዲቲንግ ሶፍትዌር።

ሉካስ ጻድቅ ነው እያልኩህ እንዳይመስልህ። ሰውዬው በ1988 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የሰው ፊልም የሚቀያይሩትን አረመኔዎች ናቸው ብሎ አወገዘ፣ ወደፊት የድሮው ኔጌቲቭ ይጠፋና በተቀየረ ይተካል ብሎም አስጠነቀቀ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የ1977ቱን የራሱን የመጀመሪያውን ስታር ዋርስ አወጣና ጀግናው ሀን ሶሎ ብቻ የተኮሰባትን ቦታ ሊይዘው የመጣው ግሪዶ ቀድሞ እንዲተኩስ አደረጋት፣ የድሮውን በጥሩ ጥራት ማግኘትም ለብዙ ዓመት ዘበት ሆነ። ያስጠነቀቀን ስለ ራሱ ነበር ለካ! ያኔ ነው ሀርሚ የሚባል የቼክ አድናቂ ከብሉሬይና ከሌላም ከሌላም ቅጂ እየለቃቀመ በኋላ የተጨመረውን አንድ በአንድ አንስቶ ሕዝቡ በ1977 ሲኒማ ቤት ያየውን የመለሰው። አዎ፣ እሱም ያለ ፈቃድ ነው። ግን ላሻሽለው አላለም፣ ፊልሙን ያዳነው ከራሱ ከዳይሬክተሩ ነው። አንተ ማንን ከማን አዳንክ?

ስለዚህ ቁረጥ፣ ማን ከለከለህ። ዲስኩን በገንዘብህ ግዛ፣ አትሽጥ፣ ፋይሉ ላይ ስምህን ጻፍ፣ ምን ምን እንዳወጣህም ከነደቂቃው ዘርዝር፣ "ትክክለኛው ቨርዥን" የሚለውን ግን በናትህ አጥፋልኝ። ዋናውን አይቶ የማያውቅ የአክስቴ ልጅ ያንተን ብቻ አየና ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ሉካስን ሲሰድበው ዋለ፣ "ይሄ ሁሉ ብር እያለው ሙዚቃው ይቆራረጣል፣ ሰውዬው ኤዲቲንግ የሚባል አያውቅም" ይላል።

አክባሪህ