ሳያነቡ የሚፈርሙ እጆች ይባረኩ

ትምህርት ቤት ላፕቶፕ ሲሰጥ አብሮ አንድ ወረቀት ይሰጣል። የአጠቃቀም ስምምነት ይሉታል። ወላጅ እስክሪብቶ ያወጣል፣ «የቱ ጋ ነው?» ይላል፣ ይፈርማል። አለቀ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ከየት ይገኛል? ሰው ለራሱ ሞባይል ሲገዛ ሳምንት ሙሉ ያስባል፣ ሰው ያማክራል፤ ልጁ ማታ ምን እንደሚፈልግ፣ ለማን ምን እንደሚጽፍ ማን እንደሚያይ የሚወስነውን ወረቀት ግን በቆመበት ጨርሶ ይመልሳል። ጎበዝ!

ተማሪውማ ይብሳል። እሱ እስክሪብቶም አያስፈልገውም፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ይጫናል። በምን እንደተስማማ ብትጠይቁት «ጌም አይቻልም መሰለኝ» ይላችኋል። ልክ ነው፣ ጌም አይቻልም። ከጌሙ ዝቅ ብሎ ግን፣ ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ በላዩ የሚሠራውን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሊያይ፣ ሊመዘግብና ሊያስቀምጥ እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ላፕቶፑ ቤት ከገባም በኋላ። ቅዳሜም፣ እሁድም። ኧረ ማን እዚያ ድረስ ወርዶ ያነባል!

«ልጄ የሚደብቀው ነገር የለውም» ለሚሉትማ ተነስቼ አጨበጭባለሁ። ምን ይደብቃል? ምናልባት ያስጨነቀውን የሕመም ምልክት ፈልጎ ይሆናል። ምናልባት ቤት ውስጥ ስላለው ጠብ ለጓደኛው ጽፎ ይሆናል። ይሄም ገመና ሆኖ? የአይቲ ክፍሉ ሰውዬም ይወቅልን እንጂ። (እሱ የራሱን ስክሪን ለማንም አያሳይም። ዓይናፋር ይሆናል።)

በዚህ ረገድ ፈር የቀደደው ፔንስልቬንያ፣ አሜሪካ የሚገኘው የሎወር ሜሪየን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ላፕቶፕ አደለ። እንዳይሰረቅ ደግሞ ካሜራውን ከሩቅ ማስነሳት የሚችል ሶፍትዌር ጫነበት። ደግ አሳቢ! አንዳንድ ተማሪዎች ካሜራው አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራት ሳይነኳት ብልጭ ስትል ያዩ ነበር። ከዚያ በየካቲት 2010 (በነሱ አቆጣጠር) አንድ ቤተሰብ ክስ መሠረተ፤ እንደ ክሱ ከሆነ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ልጁን ጠርተው «ቤትህ ውስጥ ያልተገባ ነገር ስታደርግ ታይተሃል» ብለውታል፣ ማስረጃው ደግሞ ላፕቶፑ ራሱ ያነሳው ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ልጁ ክኒን ይዞ ታየ ተባለ፤ ቤተሰቡ «ክኒን የተባለው ከረሜላ ነው» አለ። ነገሩ ሲመረመር ከላፕቶፖቹ የተሰበሰበው የካሜራና የስክሪን ምስል ከ50,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። የሌባ ፎቶ መሆኑ ነው እንግዲህ። አስተዳደሩ በዚያው ዓመት ጥቅምት 610,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ፤ አብዛኛው ለጠበቆች ሄደ።

አሁን ለፈራሚዎቻችን ትልቁን የምስራች ልንገራችሁ። የሎወር ሜሪየን ወላጆች የፈረሙት ወረቀት ስለ ካሜራው አንድም ቃል አልነበረውም! ከላይ እስከ ታች ቢያነቡትም አያገኙትም ነበር። ስለዚህ ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰዎች ጥበበኞች ናቸው፣ ቢያንስ ዓይናቸውን አላደከሙም። «ካሜራውን ማን ነው የሚከፍተው? መቼ? ምስሉ የት ይቀመጣል? መቼስ ይጠፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ከተገኘ ግን ስብሰባ የሚያስረዝም ነገረኛ ነው፣ ወንበር አትስጡት።

ትምህርት ቤቱን ብቻ አመስግኜ ተማሪዎቹን ብዘል ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። የአይቲ ክፍሉ ሰውዬ ሊያይባቸው ይችላል ተብሎ ሲነገራቸው የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ? በዚያው ላፕቶፕ የግል ኢሜይላቸውን ይከፍታሉ። ብሮውዘሩ «ፓስዎርዱን ላስቀምጥልህ?» ሲል «አዎ፣ እባክህ» ይላሉ። ሲንክ ያበራሉ፣ እቤት ባለው ስልክ ያስቀመጡት ፓስዎርድ ሁሉ እዚያው ተሰብስቦ ይመጣል። የሰልፊ ፎቶ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እንዳይጠፋ። ዓመቱ ሲያልቅም ከነአካውንቱ፣ ከነፎቶው መልሰው ያስረክባሉ። ትምህርት ቤቱ አጥፍቶ ካላደለ ቀጣዩ ተረካቢ የሚያገኘው ላፕቶፕ ብቻ አይደለም። ጨዋ ልጅ ከገጠማችሁ ራሱ ሎግ አውት ያደርግላችኋል። ቀልደኛ ከሆነ ደግሞ በእናንተ ስም ለሒሳብ መምህሩ የፍቅር ደብዳቤ ይልካል።