አምስት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል

ሰሞኑን ደግሞ የማስተርስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው (ለቴሲስ) የሚበትኑት መጠይቅ በዛ። ባለ ስድስት ገጽ፣ በስቴፕለር የተያዘ፣ አናቱ ላይ «ለትምህርት ጉዳይ ብቻ የሚውል ነው፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ አምስት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል» የሚል። ጥያቄው 48 ነው። 48 ጥያቄ በአምስት ደቂቃ የሚሞላ ሰው ማንበቡን ትቶታል፤ «እስማማለሁ» በምትለው ሳጥን ላይ ከላይ እስከ ታች ራይት እንደ ዶቃ ይደረድራል። ደግሞስ «መሥሪያ ቤቱ በቂ ሥልጠናና ተመጣጣኝ ደመወዝ ይሰጣል» ሲባል፣ ሥልጠናው ተርፎት ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው የቱ ላይ ምልክት ያድርግ?

ነገሩ የሚበላሸው ማስተርስን እንደ መጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ሲሞከር ነው። መጀመሪያ ዲግሪ ላይ ጥያቄው ከመምህሩ ይመጣል፤ ሃንድአውት አለ፣ ያለፈው ዓመት ፈተና ከሲኒየር ይወረሳል፣ ዶርም ውስጥ «ተነስ፣ ፈተና አለብን» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የሰነፈም በሴሚስተሩ ማብቂያ ዋርኒንጉን ይቀበላል። ማስተርስ ላይ ማለፊያው ከ2.00 ወደ 3.00 ከፍ ቢልም ኮርሱ እንደምንም ያልቃል። ከዚያ ቴሲሱ ብቻ ሲቀር ጸጥታ ነው። አማካሪው አይደውልም፤ ማንም ሳይቆጣ ዓመቱ ይሞላና የማራዘሚያ ክፍያ ይመጣል።

ያን ጊዜ ሩጫው ይጀመራል። የጓደኛ ቴሲስ ይገለበጥና የተጠናው ባንክ ስም ብቻ ይለወጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገሬ ሰው፤ ይህን ተረት የሚስተካከል የሪሰርች ሜቶዶሎጂ መጽሐፍ የለም። ዘንድሮ እንዲያውም ሳይታጠቅ የሚሮጠው በዝቷል።

ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር እንይ። 1,200 ሠራተኛ ላለው ተቋም፣ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን፣ 300 ሰው ያወጣል። ምስኪኑ ቀመር ግን 300ዎቹ በዕጣ የተመረጡ ይመስለዋል። ወረቀቱ የሚበተነው ለጓደኛ፣ ለጓደኛ ባለቤትና ለጥበቃው ነው። 210 ከተመለሰ የቀረው 90 በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ ይሞላል። መልሱ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሲገባ ደግሞ «ሥራዬን መልቀቅ አስባለሁ» የሚለው አሉታዊ ጥያቄ ነጥቡ መገልበጡ ይረሳል፤ 1 መሆን የነበረበት 5 እንደ 5 ይቆጠርና የክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር፣ ከተለመደው ማለፊያ ከ0.7 በታች ይወርዳል። ስህተቱን ማን ይፈልጋል? ጥያቄው ይሰረዛል።

ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያስ! «ፕሮፖዛልና ቴሲስ እናማክራለን።» ምዕራፍ አራትን ጽፎ ማስረከብ ማማከር ከሆነ፣ ተማሪው ጥናቱን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት በዲፌንሱም ቀን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይቁምና ይመልስ። ፈታኙ «ለምን ሪግሬሽን የተባለውን የትንተና ዘዴ ተጠቀምክ?» ሲለው ተማሪው አማካሪውን ቀና ብሎ ያያል፤ አማካሪው ጣሪያውን። ይህ ስንፍና አይባልም፣ ሌብነት ነው። የዚህ ዲግሪ ተሸካሚዎች ነገ ጥናት አጥንተው ፖሊሲ ሊያወጡልን ነው።

መጠይቁን ረሳነው። መጨረሻ ገጽ ላይ «ተጨማሪ ሐሳብ ካለዎት በዝርዝር ይጻፉ» ይላል፤ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ተኩል ነው። ዓርብ ይሰበሰባል ተብሏል።